የፈንገስ ስብ፣ የአርሲ ስንዴና የአሰላ መድኃኒት ቤት

ቲልት የሚባለውን ፀረ-ዋግ ኬሚካል የማያውቅ የአርሲ ስንዴ አምራች ማግኘት ይቸግራል። ፍሉኮናዞል የሚባለው እንክብልም ለአሰላ መድኃኒት ቤቶች እንግዳ አይደለም። አንዱ በጀርባ መርጫ ማሳ ላይ ይረጫል፤ ሌላው በውኃ ይዋጣል። ሻጮቻቸው፣ ገዢዎቻቸውና ተቆጣጣሪዎቻቸው አይተዋወቁም፤ የመጀመሪያው የግብርና፣ ሁለተኛው የጤና ጉዳይ ተብሎ ተከፋፍሏል። ለፈንገሱ ግን ይህ ክፍፍል የለም። ሁለቱም አዞል ከሚባለው የኬሚካል ወገን ናቸው። ሁለቱም የሚመቱት ፈንገሱ የሕዋሱን ሽፋን የሚሠራበትን ስብ በሚያዘጋጅበት መስመር ላይ ያለውን አንድ ኢንዛይም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሰው ጤና አደገኛ ናቸው ያላቸውን 19 ፈንገሶች ለመጀመሪያ ጊዜ በደረጃ ዘርዝሮ አወጣ። በላይኛው ተርታ ከተቀመጡት አራቱ ሦስቱ እርሾዎች ናቸው፦ ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ፣ ካንዲዳ አውሪስና ካንዲዳ አልቢካንስ። አራተኛው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለ ሻጋታ ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ስለተላመደ ፈንገስ መነገሩ በርክቷል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው የያዘው ግማሹን ነው። መድኃኒት ሲበዛ ጀርሙ ይለምደዋል፣ በቃ። እንዴት እንደሚላመድ፣ ለመላመዱ ምን እንደሚከፍል፣ የማሳው ርጭትና የሆስፒታሉ ሕክምናም የት ላይ እንደሚገናኙና የት ላይ እንደማይገናኙ ሲጠየቅ ነገሩ ይደበዝዛል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሁለት አደጋዎች እንደ አንድ እየተቆጠሩ መሆኑ ነው፤ ለመለየት ደግሞ ከስቡ መነሳት ያስፈልጋል።

ሽፋኑ ከምን ተሠራ

እርሾ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ነው። ጠላና ጠጅ የሚያፈላው፣ ከአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚወጣውን የአርሲ ገብስ ብቅል ቢራ የሚያደርገውና በሰው ደም ገብቶ የሚገድለው እርሾ ዝርያቸው ይለያይ እንጂ የሕዋስ ሽፋናቸው አሠራር በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ሽፋኑ ድርብ የስብ ንጣፍ ሲሆን ምግብ የሚያስገቡና ቆሻሻ የሚያስወጡ ፕሮቲኖች በውስጡ ተሰክተዋል። ስቡ ከረጋ ፕሮቲኖቹ አይሠሩም፤ ከቀጠነ ደግሞ ሽፋኑ ያፈሳል። በጭላሎ ተራራ ግርጌ ማለዳ ላይ ቅቤ ሲረጋ የኑግ ዘይት እንደማይረጋ ሁሉ የሽፋኑም ስቦች የመርጋትና የመፍሰስ ጠባያቸው ይለያያል፤ እርሾው በብርድና በሙቀት መጠናቸውን እያስተካከለ ይኖራል።

ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ዋና ስብ ኤርጎስቴሮል ይባላል። በሰው ሕዋስ ውስጥ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው ኮሌስትሮል ነው። አብዛኛው ፀረ-ፈንገስ ሕክምና የሚቻለው በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ልዩነት ነው፤ ፈንገስ ከባክቴሪያ ይልቅ ለሰው የቀረበ ፍጥረት ስለሆነ ሌላ የሚመታ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ኤርጎስቴሮልን በ1889 ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው ሻርል ታንሬ ነበር፤ ያወጣውም የአጃ ዛላ ላይ ከሚበቅለው ኤርጎት ከተባለ ጥቁር ፈንገስ ነው። ኤርጎት ለአርሲ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2001 በዚያው ፈንገስ የተበከለ ገብስ የበሉ የአርሲ ነዋሪዎች እጅና እግራቸው ላይ ጋንግሪን ወጥቶባቸው ነበር። (በዚያ በሽታ የጎዳው የፈንገሱ መርዝ እንጂ ስቡ አልነበረም።)

እርሾ ኤርጎስቴሮልን የሚሠራው ከሃያ በላይ በሆኑ ተከታታይ እርምጃዎች ሲሆን ብዙ ኦክሲጅን ይፈጃል። የቢራ ጠማቂዎች እርሾ ከመጨመራቸው በፊት ጭማቂውን በአየር የሚያጠግቡት በዚህ ምክንያት ነው። በአጭሩ ኤርጎስቴሮል ለእርሾው ውድ ነገር ነው፤ ውድ መሆኑን ማስታወስ ኋላ ይጠቅመናል።

መድኃኒቶቹ የሚመቱት

አዞሎች ከእርምጃዎቹ አንዱን ይዘጋሉ። ላኖስቴሮል የተባለውን ጥሬ ስብ የሚያርመውና ኤርግ 11 ከተባለው ዘረ-መል የሚወጣው ኢንዛይም ይቆማል። ሁለት ነገር ይከተላል። ኤርጎስቴሮል ያንሳል፤ ያልታረመው ስብም ወደ ሌላ መስመር ገብቶ ኤርግ 3 በሚባለው ኢንዛይም እጅ ለሽፋኑ መርዝ ወደ ሆነ ስቴሮል ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ሁለተኛውን ነው። አዞል ካንዲዳን የሚያደክመው ስቡን በማሳጣት ብቻ ሳይሆን ክፉ ስብ በማሠራትም ጭምር ነው። ያም ሆኖ ፍሉኮናዞል እርሾን ባመዛኙ ከመራባት ያግደዋል እንጂ አይገድለውም፤ የቀረውን መጨረስ የበሽተኛው የመከላከል አቅም ድርሻ ነው። አቅሙ በኤችአይቪ በወደቀ ሰው ላይ ይህ ድርሻ የሚሸፈን አይደለም።

አምፎቴሪሲን ቢ መንገዱ ሌላ ነው። ተሠርቶ የተቀመጠውን ኤርጎስቴሮል ራሱን ይይዘዋል፤ ሽፋኑን ይበሳል፣ ስቴሮሉንም ከሽፋኑ መጥጦ ያወጣል። ይገድላል። ኮሌስትሮልንም በመጠኑ ስለሚነካ ግን ኩላሊት ይጎዳል፤ በደም ሥር ብቻ ይሰጣል፤ የላቦራቶሪ ክትትልም ይጠይቃል። በስብ እንክብል ተጠቅልሎ የሚሠራው ሊፖሶማል የተባለው ዓይነት ጉዳቱ የቀለለ፣ ዋጋው ግን የከበደ ነው። ሦስተኛው ፍሉሳይቶሲን ሽፋኑን አይነካም፤ የፈንገሱን ዲኤንኤና የፕሮቲን ሥራ ያውካል።

ለመላመድ የሚከፈል ዋጋ

ፈንገሱ ከአዞል የሚያመልጥባቸው መንገዶች በርካታ ናቸው። የመጀመሪያው ዒላማውን መለወጥ ነው፦ በኤርግ 11 ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ስትቀየር መድኃኒቱ በኢንዛይሙ ውስጥ አይገጥምም፣ ሥራው ግን ይቀጥላል። ለፈንገሱ ርካሹ መንገድ ይህ ይመስላል፤ በካንዲዳ አውሪስ ላይ እጅግ የተለመደውም እሱ ነው። ዒላማውን ማብዛትም አለ፤ ኢንዛይሙ ሲበዛ የመድኃኒቱ መጠን አይዳረስም።

ሌላው ማስወጣት ነው። ካንዲዳ ሽፋኑ ላይ መድኃኒቱን እየያዙ ወደ ውጭ የሚወረውሩ ፓምፖች አሉት። ሲዲአር 1 የተባለው ዋናው ፓምፕ የትም ቢተከል አይሠራም። ኤርጎስቴሮልና ስፊንጎሊፒድ የተባሉት ስቦች ተሰባስበው ጠጠር ባሉበት የሽፋኑ ክፍል መቀመጥ አለበት። በቤተ ሙከራ ከእነዚህ ስቦች አንዱ ሲጓደል ፓምፑ ቦታውን ይስታል፤ እርሾውም ለመድኃኒት ይጋለጣል። አዞሉን የሚያስወጣው ፓምፕ አዞሉ በሚያሳጣው ስብ ላይ ተደግፎ ይቆማል ማለት ነው። ሁለቱን ስቦች ባንድ ጊዜ የሚመታ ሕክምና የተመራማሪዎችን ቀልብ የሳበው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስካሁን ግን ታካሚው አልጋ አጠገብ አልደረሰም።

ሦስተኛው መንገድ የሚገርም ነው። እርሾው ኤርግ 3ን ራሱ ያበላሻል። መርዛማው ስቴሮል መሠራቱ ይቀራል፤ እርሾው ከኤርጎስቴሮል ያነሰ፣ ቢሆንም የሚያኖር ስብ ለብሶ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ያመለጠ ካንዲዳ አምፎቴሪሲንም የሚይዘው ኤርጎስቴሮል ስለሌለው ሁለቱንም መድኃኒቶች ባንድ ጊዜ ሊቋቋም ይችላል። ደግነቱ ዋጋው ከባድ ነው፦ ካንዲዳ አልቢካንስ እንዲህ ሲሆን ወደ ሥጋ ዘልቆ የሚገባበትን ክር መሥራት ይቸግረዋል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። አምፎቴሪሲን ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ እያለ የተላመዱት ጥቂት የሆኑት በዚሁ ሒሳብ ነው። ኤርጎስቴሮልን የጣለ እርሾ መድኃኒቱን ያመልጣል፤ ነገር ግን ትኩሳትን፣ የነጭ የደም ሕዋሳትን ጥቃትና ሌላውን የሰውነት ፈተና መቋቋም ያቅተዋል።

አራተኛው ለሐኪም አስቸጋሪው ነው። ክሪፕቶኮከስ አንደኛውን ክሮሞዞሙን እጥፍ አድርጎ ይይዛል። በዚያ ክሮሞዞም ላይ ኤርግ 11ም፣ አንድ የማስወጫ ፓምፕም ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይበዛሉ። መድኃኒቱ ሲቆም ትርፉ ክሮሞዞም ሸክም ስለሚሆን ይጥለዋል። ስለዚህ በሽተኛው ውስጥ ካሉት እርሾዎች ጥቂቶቹ የተላመዱ፣ ብዙዎቹ ያልተላመዱ ሆነው ይገኛሉ፤ ናሙናው ያለመድኃኒት ሲያድግም ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል።

አንዳንዱ እርሾ ደግሞ ስቡን ጨርሶ ከእኛ ይወስዳል። ካንዲዳ ግላብራታ በአዞል ሲታፈን ከበሽተኛው ደም ኮሌስትሮል እየሳበ ሽፋኑን መጠገን ይችላል። ቋቁቻ የሚያመጣው ማላሴዚያ የተባለው እርሾ እንዲያውም የራሱን ፋቲ አሲድ መሥራት ስለማይችል በቆዳችን ወዝ ላይ ነው የሚኖረው።

ከዚህ ሁሉ ለፖሊሲ የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው። መላመድ የስብ ንግድ ነው፤ እያንዳንዱ መንገድ የየራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋው የሚለየውም ፈንገሱ በሚኖርበት ቦታ ነው። በሰው ገላ ውስጥ የሚከብደው ዋጋ በጭድ ክምር ውስጥ ላይከብድ ይችላል። ማሳው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ማሳው፦ ዋግ፣ ዘርና ርጭት

የአርሲ ደጋ የስንዴ አገር የሆነው በአንድ ጀምበር አይደለም። በ1966 የተመሠረተው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልና በ1967 በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስፋፉ። ትርፉ ትልቅ ነበር፤ ከትርፉ ጋር የመጣው ደግሞ ሰፊ መሬት በጥቂት ዝርያዎች መሸፈኑ ነው። ዋግ የተባለው የስንዴ ፈንገስ የሚወደው ይህንኑ ነው።

በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳን የመሰሉ ተወዳጅ ዝርያዎችን ሲያጠቃ በአገሪቱ የተጎዳው መሬት ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲጋሉ ዞረ። በ2013 ማብቂያ ደግሞ የግንድ ዋግ አዲስ ዝርያ ተነስቶ በባሌና በአርሲ ዲጋሉን መታው። በ2010 ከቁሉምሳ የወጡት ካካባና ደንደአ ተከተሉ፤ ካካባም በጊዜው ተሸነፈ። በእያንዳንዱ የዘር ውድቀትና በአዲሱ ዘር መዳረስ መካከል ያለውን ጊዜ የሸፈነው ርጭት ነው። ቲልት ፕሮፒኮናዞል ነው፤ ናቱራ ቴቡኮናዞል ነው፤ ሬክስ ዱኦ ኢፖክሲኮናዞልን ከሌላ ወገን ኬሚካል ጋር የቀላቀለ ነው። የቅልቅሉ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያ ሁለተኛው ኬሚካል ዋግ ላይ ያለው ጉልበት ደካማ ስለሆነ ዋግን በተመለከተ ሥራው የአዞሉ ነው። በሌላ አነጋገር የደጋው ስንዴ ኢንሹራንስ በአንድ ኢንዛይም ላይ ተመሥርቷል።

ዋግ ራሱ እስካሁን ለአዞል ባመዛኙ ተገዢ ነው። (የዋግ ፈንገሶች ዋና ስቴሮል ኤርጎስቴሮል ሳይሆን ከዕፅዋት ስቴሮል ጋር የሚቀራረብ ሌላ ዓይነት ነው፤ አዞሉ የሚዘጋው እርምጃ ግን ያው ነው።) በደጋው ስንዴ ላይ የሚታየው ሴፕቶሪያ የተባለ ፈንገስ ግን ሌላ ታሪክ አለው፦ በምዕራብ አውሮፓ ለዓመታት በተደጋገመ ርጭት የዒላማውን ዘረ-መል ደረጃ በደረጃ እየቀየረ የአዞልን ጉልበት ሸርሽሯል።

ለሰው ጤና የሚያሰጋው የታለመው ፈንገስ ሳይሆን ያልታለመው ነው። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ በበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት ላይ ይኖራል፤ ብናኙን ሁላችንም እንተነፍሳለን። ሳንባው በቲቢ በተጎዳ ወይም የመከላከል አቅሙ በወደቀ ሰው ላይ ይበረታል። በኔዘርላንድስ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከበሽተኞች የተገኘው አዞል የተላመደ አስፐርጊለስ የኤርግ 11 አቻ በሆነው ዘረ-መሉ ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ ተሸክሞ ነበር። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ አዞል ወስደው አያውቁም። ተመራማሪዎች በርጭት የተጋለጠ የአበባ ሥራ ሥርና የጓሮ ቅሪት ክምር ላይ ያንኑ ፈንገስ አገኙት፤ በመላመዱ የሚጠረጠሩት የእርሻ አዞሎች ዝርዝር ውስጥም ፕሮፒኮናዞል፣ ቴቡኮናዞልና ኢፖክሲኮናዞል አሉ። በ2014 ተመሳሳይ ፈንገስ ከታንዛኒያ አፈርና የእንጨት ቅሪት መገኘቱ ታትሟል፤ ስለዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ጉዳይ አይደለም ማለት አይቻልም።

ፕሮፒኮናዞልና ኢፖክሲኮናዞል ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ ወጥተዋል። ይህን የሚጠቅስ ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ያሳስታል፤ ያስወጣቸው በዋናነት በሰው የመራባት ጤና ላይ የሚታየው ስጋት ነው እንጂ የፈንገስ መላመድ አይደለም።

ሆስፒታሉ፦ የእርሾው መንገድ ሌላ ነው

ወደ እርሾዎቹ ስንመለስ ሥዕሉ ይለወጣል። ክሪፕቶኮከስ በቤተ ሙከራ ለቴቡኮናዞል ሲጋለጥ ፍሉኮናዞልንም ሊላመድ እንደሚችል ታይቷል። ከዚህ ተነስቶ የገበሬው መርጫ ለበሽተኛው ሞት ምክንያት ነው ማለት ግን መረጃውን መዝለል ነው። ለእርሾ መላመድ ጠንካራው ማስረጃ የሚያመለክተው ወደ ሕክምናው ራሱ ነው።

ክሪፕቶኮከስ በኤችአይቪ በተዳከሙ ሰዎች ላይ ማጅራት ገትር ያመጣል፤ ካልታከመ ይገድላል። በአፍሪካ ለረጅም ዘመን ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው ፍሉኮናዞል ብቻ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ይዋጣል፣ ኩላሊት አይጎዳም። በ2019 የታተመ የታንዛኒያ በሽተኞች ጥናት የዚህን ዋጋ አሳይቷል፦ ፍሉኮናዞልን ብቻ በወሰዱት ውስጥ ክሮሞዞሙን እጥፍ ያደረገው የእርሾ ድርሻ በሕክምናው ወቅት ጨመረ፤ ፍሉሳይቶሲን በተጨመረላቸው ላይ ግን ይህ ተገታ። የሽፋኑን ስብ የሚነግድ ፈንገስ ዲኤንኤውን በሚመታ ሁለተኛ መድኃኒት ፊት ንግዱ አያዋጣውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 የደገፈው ሕክምና ይህንኑ ሎጂክ ይከተላል፦ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከፍ ያለ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን፣ ከእሱ ጋር ለ14 ቀን ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል። ለአንድ የዞን ሆስፒታል ትልቁ ጥቅም የአንድ ቀን መርፌ መሆኑ ነው፤ የኩላሊት ክትትሉና አልጋው ይቀላል። ችግሩ አቅርቦት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ከተጓደሉ ሐኪሙ የሚመለሰው ወደ ፍሉኮናዞል ብቻ ነው፤ ይኸውም እርሾውን ወደሚያሠለጥነው ሕክምና።

የካንዲዳ ጉዳይ ከዚህ ቀለል ያለ ቢመስልም የራሱ ወጥመድ አለው። ያለምርመራ ፍሉኮናዞል ገዝቶ በግማሽ መንገድ ማቆም አልቢካንስን ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮው ለፍሉኮናዞል የማይበገር እንደ ክሩሴይ ያለ እርሾ እንዲነግሥ ያደርጋል። እርሾውን ለይቶ ለመድኃኒት ያለውን ተጋላጭነት መለካት ውድ መሣሪያ የግድ አይልም፤ የሠለጠነ ሰው፣ ማሳደጊያ ገበታና የመድኃኒት ወረቀት ይጠይቃል። በአሰላ ለዚህ መነሻ የሚሆን አለ፦ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታልና ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም በባክቴሪያ መድኃኒት መላመድ ላይ ጥናቶች አውጥተዋል።

ወዴት ያመራል

ሦስት አቅጣጫዎች ይታዩኛል። አንደኛው አሁን ያለው መቀጠል ነው፦ የስንዴ መሬት ይሰፋል፣ ዘር ሲወድቅ አዞል ይጨምራል፣ ሆስፒታሉ በፍሉኮናዞል ይሠራል። በዚህ አቅጣጫ መጀመሪያ የሚታየው የወረርሽኝ ዓይነት ድንጋጤ አይሆንም። ምክንያቱ ያልታወቀ የሕክምና መክሸፍ ይሆናል፤ ሳይለካ የቀረ ነገር ስሙ አይጠራምና።

ሁለተኛው ኬሚካሉን በሕግ መከልከል ወይም መገደብ ነው። በወረቀት ላይ የሚማርክ ቢሆንም አልደግፈውም። በዋግ ዓመት አዞል የተነፈገ ገበሬ የሚያጣው ምርቱን ነው፤ የአስፐርጊለስን መጠን በምን ያህል እንደሚቀንስ ግን ማንም ቁጥር ሊሰጥ አይችልም። ክልከላው ኬሚካሉን ወደ ጥቁር ገበያ ይገፋዋል፤ የተበረዘ አዞል ደግሞ ዋግን ሳይገድል ፈንገሱን ሊያሠለጥን ይችላል።

ሦስተኛው የርጭቱን ፍላጎት መቀነስ ነው፤ ሚዛኔ የሚደፋው ወደዚህ ነው። ዋግን የሚቋቋም ዘር ፈጥኖ ከደረሰ ርጭት ይቀራል፤ ስለዚህ የቁሉምሳ ዘር ማባዣ በጀት ሳይታወቅ የሆስፒታሉም በጀት ነው። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ሲሚት፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የአየር ትንበያ ተቋም ጋር የዘረጋው የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ርጭቱን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአደጋ ለማድረግ ያስችላል። ማርፕል የተባለው የዋግን ዘረ-መል በቦታው የሚያነብ ዘዴ ደግሞ አዲስ ዝርያ ከመለየት አልፎ የአዞሉን ዒላማ ለመከታተልም ሊውል ይችላል። የዚህ መንገድ ድካም ጊዜ ነው፤ ዘር ለማባዛት ዓመታት ይወስዳል፣ ዋግ ግን በአንድ ክረምት ይለወጣል።

አዲስ መድኃኒት ይመጣል የሚለውን ተስፋም መመዘን ይገባል። አስፐርጊለስን በሌላ ኢንዛይም በኩል የሚመታ ኦሎሮፊም የተባለ መድኃኒት ገና በሙከራ ላይ እያለ በዚያው ኢንዛይም ላይ የሚሠራ ኢፕፍሉፌኖኪን የተባለ የእርሻ ኬሚካል በ2022 በአሜሪካ ተፈቅዷል። በኢትዮጵያ የእርሻ ኬሚካል የሚመዘግበው የግብርና ባለሥልጣን ነው፤ መድኃኒት የሚመዘግበው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። አንድ ፀረ-ፈንገስ ለምዝገባ ሲቀርብ የትኛውን ኢንዛይም እንደሚመታ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የሚለዋወጡበት ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ቢኖር ወጪው ከምንም አይቆጠርም። በአሰላ ከሚገኙ ታካሚዎችና በዙሪያው ካለ የጭድ ክምር በየዓመቱ ጥቂት ናሙና ወስዶ ለአዞል መፈተንም እንዲሁ። ከታካሚው የሚወሰደው እርሾ ሕክምናው ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል፤ ከጭዱ የሚወሰደው አስፐርጊለስ ስለ ርጭቱ ይናገራል። ሁለቱ ውጤቶች በአንድ ዓምድ ተደምረው ከቀረቡ ግን የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ማረም እንዳለበት አይታወቅም።